ሪዝቅ ከተጻፈ፣ ጥያቄውን መግዛት ማንን ይበድላል?

 

የባንክ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀውም፣ የመውጫ ፈተናውን ትናንት ያለፈውም አንድ ላይ ይመዘገባል። የቴሌግራም ቻናሎች ባለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ይሞላሉ። ከ12ኛ ክፍል ወዲህ ዞር ብሎ ያላየውን ፐርሰንትና ሬሾ እንደ አዲስ የሚጀምር አለ። እንግሊዝኛ ምንባብ በሰዓት እየለካ የሚያነብም አለ። ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከከሚሴ ወይም ከጅማ የሚመጣው የመኪና ብር ተበድሮ አክስቱ ቤት ፍራሽ አንጥፎ ያድራል። ከዚያ ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው መልእክት ይመጣል። «ጥያቄው እጃችን ላይ ነው» ይላል፤ ዋጋው ከሥር ተጽፏል።

እንዲህ ካሉት መልእክቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ማጭበርበሪያ ናቸው፤ ብሩ ከተላከ በኋላ ላኪው ይጠፋል። እሱን እንተወው። ጥያቄው እውነተኛ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ወንድሞች የሚሰማ ክርክር አለ። «ሪዝቅ የተጻፈ ነው። ሥራው የኔ ካልሆነ ሺህ ጥያቄ ብገዛም አላገኘውም። የኔ ከሆነ ደግሞ ከማንም አልወሰድኩም። ታዲያ ማንን በደልኩ?»

ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ግማሹ ዓቂዳችን ነው። ማንም ሰው የሌላውን ሪዝቅ አይበላም። ማንም ነፍስ የተጻፈላትን ሳትጨርስ አትሞትም፤ ይህ በሐዲስ የመጣ ነው። ችግሩ ያው ሐዲስ እዚያ ላይ አለማቆሙ ነው። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ሪዝቅ የማይቀር መሆኑን ከተናገሩ በኋላ አላህን እንድንፈራና አፈላለጋችንን እንድናሳምር አዘዙ፤ ሪዝቃችን ዘገየ ብለን በአላህ ወንጀል እንዳንፈልገውም አስጠነቀቁ። የተጻፈው መጠኑ ነው። እኛ የምንጠየቀው በየትኛው በር ሄደን እንደፈለግነው ነው። የተጻፈልንን አናውቅም፣ የታዘዝነውን ግን እናውቃለን።

ደግሞ ክርክሩን የሚያቀርበውን ሰው ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሪዝቅ የተጻፈ መሆኑን ከልቡ ቢያምን ኖሮ፣ ጥያቄ ለመግዛት ከሰው ሁሉ የመጨረሻው እሱ በሆነ ነበር። የማይቀርለትን ነገር በምን ምክንያት በሐራም ይገዛዋል? ከፈተናው በፊት ሪዝቁን ይጠራጠራል፣ ከፈተናው በኋላ በሪዝቅ ይከራከራል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የራሱ ስም ከዝርዝሩ ወጥቶ በምትኩ የአንድ ኃላፊ ዘመድ ቢገባ፣ «ሪዝቄ አልተነካም» ብሎ ዝም አይልም። ግፍ ተፈጸመብኝ ብሎ ይጮኻል፤ መጮኹም ትክክል ነው። ስለዚህ ሪዝቅ ተጽፎም በደል የሚባል ነገር እንዳለ እሱም ያውቃል ማለት ነው።

ሪዝቅና ሐቅ ይለያያሉ። ከከሚሴ የመጣችው እህት በተገዛ ጥያቄ ምክንያት ከተቆረጠው ነጥብ በታች ብትሆን ሪዝቋን አላጣችም፤ አላህ በሌላ በር ይሰጣታል። ሐቋን ግን ተነጥቃለች። በእኩል ሚዛን የመመዘን ሐቅ ነበራት። አላህ እሷን መካሱ የነጠቃትን ሰው ነጻ አያወጣውም።

በ2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በኢንተርኔት ሲሰራጭ የሆነውን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። የወጣበት ምክንያት ፖለቲካ እንጂ ንግድ አልነበረም፤ ጉዳቱ ግን ወረቀቱን ባዩት ላይ ብቻ አልቀረም። ፈተናው ተሰረዘ፤ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች፣ አንዲት ገጽ ያላዩት ጭምር፣ በሐምሌ እንደገና ተቀመጡ። በመካከሉ ረመዷን ነበር። ያኔ የተፈተኑ ሙስሊም ተማሪዎች አጠናቅቀነዋል ያሉትን ደብተር በጾም እንደገና ከፈቱ።

ከባዱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ሁሉም ጥያቄው እጁ ላይ ካለ፣ ያልገዛው እኔ ብቻዬን ቂል ልሁን?» ይህን ለሚጠይቅ ሰው ቀላል መልስ መስጠት አልፈልግም። አዎ፣ ልትወድቅ ትችላለህ። አንተ በሐላል 70 ያመጣህበትን ፈተና ሌላው በገዛው ጥያቄ 90 ሊያመጣበት ይችላል፤ እናትህም ለምን እንዳላለፍክ አይገባት ይሆናል። ለአላህ ብሎ አንድን ነገር የተወ ሰው አላህ የተሻለውን እንደሚተካለት ተነግሮናል። መቼ እንደሚተካ ግን አልተነገረንም፤ ምትኩ የባንክ ሥራ እንደሚሆንም አልተነገረንም። «ተወው፣ ከወር በኋላ የበለጠ ደመወዝ ታገኛለህ» የሚሉ ጽሑፎች ሶብርን ንግድ ያስመስሉታል። ልጁ ወሩ ሲያልፍ ምን ይበል? ይልቅ የምትችለውን አድርግ። ወረቀቱን ለማንም አታስተላልፍ፤ ማስረጃ ካለህ ለፈታኙ አካል አሳውቅ።

«ከተቀጠርኩ በኋላ በትጋት እሠራለሁ፣ ደመወዜም የላቤ ይሆናል» የሚልም አለ። ሼኽ ኢብን ባዝ (ረሒመሁላህ) በኩረጃ ባገኘው የትምህርት ማስረጃ ስለተቀጠረ ሰው ተጠይቀው፣ ካታለለው ነገር ተውበት ማድረግ እንዳለበት፣ ሥራውን በአግባቡ እስከሠራ ድረስ ግን ደመወዙ ችግር እንደሌለው መልሰዋል። ይህ የተጸጸተ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ የተከፈተ በር ነው። ከፈተናው በፊት አንብቦ እቅድ የሚያወጣበት ሰው የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ወንድሞች ያስታውሰኛል። እነሱም እሱን ለማስወገድ ሲመክሩ፣ ከዚያ በኋላ ደጋግ ሰዎች እንሆናለን ብለው ነበር። ተውበትን በእቅዳቸው ውስጥ አስቀድመው ጻፉት።

ቁርኣን ስለ ቅጥር ሲናገር ሁለት ነገር አብሮ ይጠቅሳል። የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥረው ለአባቷ ስትመክር ጥንካሬውንና ታማኝነቱን አነሳች። ዩሱፍም በግብፅ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾም ሲጠይቅ ጠባቂም አዋቂም መሆኑን ተናገረ። የጽሑፍ ፈተና አንዱን ብቻ ይለካል፤ ስሌትህን፣ ቋንቋህን፣ ፍጥነትህን። ታማኝነትህን የሚለካ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የለም። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ግን በሱም እየተፈተንክ ነው። ነገ የሰው ገንዘብ የሚቆጥረው ያው እጅ ነው።

ባንክ ስል የወለዱን ጉዳይ የዘነጋሁት እንዳይመስላችሁ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እርግማኑ ወለድ በይውን ብቻ ሳይሆን ከፋዩን፣ ጸሐፊውንና ሁለቱን ምስክሮችም ይጨምራል። የምታመለክቱበት የሥራ መደብ በዚህ ውስጥ ይግባ አይግባ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሒጅራና ሌሎችም ተከትለዋል፤ አማራጭ የለም የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አያስኬድም። ግን ከወለድ ልራቅ ብሎ ከወለድ ነጻ ባንክ አመልክቶ፣ እዚያ በተገዛ ጥያቄ ስለሚገባ ሰው ምን ይባላል?

የጁሙዓ ሱራ ሶላቱ ሲያልቅ በምድር ላይ ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ያዘናል። ከኹጥባ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ሰው ይህንኑ እየፈጸመ ነው፤ ማጥናት ተወኩልን አያጎድልም።

በሪዝቅ ማመን ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን ከጥናቱም በፊት ይመስለኛል። ማስታወቂያው ሲወጣ አይቶ ለራሱ የሚመዘገብ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ለጓደኛው «አላየኸውም እንዴ?» የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ተወዳዳሪ ላለማብዛት ነው። ሪዝቁን ማንም እንደማይበላበት ያመነ ሰው ማስታወቂያውን በዚያው ሰዓት፣ ከራሱ የበለጠ ውጤት ላለው ጓደኛውም ይልካል፤ ቅዳሜ አብረው ቁጭ ብለው ይሠራሉ፣ ሬሾ የገባው ላልገባው ያስረዳል።