ኃጢአትና ወንጀል

ኃጢአት የሆነ ነገር ሁሉ ወንጀል መሆን ይገባዋልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ምቀኝነት ኃጢአት ነው፤ ነገር ግን ምቀኛን ስለ ምቀኝነቱ ብቻ ይዞ ከዳኛ ፊት ያቆመ ፖሊስ የለም። ጾም መሻር በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ኃጢአት ነው፤ ይሁን እንጂ በዐቢይ ጾም ሥጋ የበላውን ሰው የሚጠይቀው የነፍስ አባቱ እንጂ የወረዳው ፍርድ ቤት አይደለም። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። ስምምነታችን የሚፈርሰው ነገሩ ከጾምና ከምቀኝነት አልፎ ብዙ ሰው ከሚጸየፈው ነገር ላይ ሲደርስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ተመሳሳይ ፆታ ባላቸው ሰዎች መካከል ስለሚደረገው ግንኙነት የተነሣውን የሃይማኖት ክርክር ነው። በቋንቋችን ለዚህ ነገር የቆየው ስም ግብረ ሰዶም መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ስሙ ራሱ ፍርድ ያዘለ ነው፤ ገና ነገሩ ሳይመረመር እሳትና ዲን የዘነበባትን ከተማ በዓይናችን ፊት ያቆምብናል። የኦሪት ዘፍጥረት ዐሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ የሚተርከው የከተማይቱ ሰዎች ከሎጥ ቤት የገቡትን እንግዶች በኃይል ለመድፈር እንደ ተሰበሰቡ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ደግሞ በዐሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ የሰዶምን በደል ሲቈጥር ትዕቢትን፣ ጥጋብን፣ ችግረኛውን አለመርዳትን ያስቀድምና አስጸያፊውን ሥራ ከዚያ በኋላ ያስከትላል። ጠግቦ ድኻን የረሳ ሰው በየከተማው ሞልቶ ሳለ፣ ሰዶማዊ የሚለውን ስም ለእርሱ የሰጠው ሰው ግን የለም። ይህን በመንገዳችን ላይ አንሥተን እንለፍ።

ጉዳዩ ከነፍስ አባት እጅ ወጥቶ ወደ ዳኛ እጅ እንዴት እንደ ገባ ለመመልከት የእንግሊዝን አገር ያህል ግልጽ ምሳሌ አላገኘንም። (ዓመታቱን በአገራችን አቈጣጠር መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።) እስከ 1533 ድረስ በዚያ አገር ይህ ነገር የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ችሎት ነበር። በዚያ ዓመት፣ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮማው ፓፓ ጋር በተጣላበት ጊዜ፣ ፓርላማው ድርጊቱን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። የንጉሡ አሳብ ምእመናንን ማጽደቅ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ በእነዚያ ዓመታት የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን አንድ በአንድ ወደ ዙፋኑ ይሰበስብ ነበርና። የሞት ቅጣቱ የተሻረው በ1861 ነው። በ1885 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በወንዶች መካከል የሚደረገውን ማናቸውንም የዚህ ዓይነት ነውር፣ በተዘጋ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ እስከ ሁለት ዓመት የሚያሳስር አደረገ። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 ከከባድ ሥራ ጋር ሁለት ዓመት የተፈረደበት በዚህ ሕግ ነው። ሴቶችን ግን ሕጉ አልነካም። ነገሩ በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት ከሆነ ለወንድም ለሴትም ኃጢአት ነው፤ እንግዲህ ሕጉ የሚለካው በኃጢአት ሚዛን እንዳልነበረ ከዚህ ብቻ መረዳት ይቻላል።

ሕጉ ምን ፍሬ አፈራ? ከሁሉ አስቀድሞ ያፈራው አስፈራርተው ገንዘብ የሚነጥቁ ሰዎችን ነው። የሰውን ምስጢር ያወቀ ክፉ ሰው ያን ምስጢር እንደ ርስት ያርሰው ነበር፤ የተነጠቀውም ሰው ለፖሊስ ቢያመለክት ራሱን መክሰሱ ነውና ዝም ይላል። ዝም ያላለው የሒሳቡ ሊቅ አለን ቱሪንግ ነበር። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ኢኒግማ በተባለው መሣሪያ የሚጻጻፉበትን የምስጢር ቃል ለመፍታት ከደከሙት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ነው። በ1952 ቤቱ ተሰርቆ ለፖሊስ አመለከተ፤ ምርመራው ሲቀጥል ከአንድ ወጣት ወንድ ጋር ግንኙነት እንደ ነበረው ታወቀና ከሳሽ ሆኖ የሄደው ሰው ተከሳሽ ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ ከእስራትና የሥጋን ፍላጎት ያጠፋል ከተባለ መድኃኒት አንዱን እንዲመርጥ አደረገው፤ መድኃኒቱን መረጠ። በ1954 በአርባ ሁለተኛ ዓመት ዕድሜው በመርዝ ሞቶ ተገኘ። ይህ ቅጣት የሰውየውን ነፍስ ወደ መዳን አንድ እርምጃ እንኳ አቀረበው የሚል ሰው ካለ ክርክሩን ለመስማት ዝግጁ ነን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሕጉ ይሻሻል ብለው አስቀድመው ከተነሡት መካከል የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መገኘታቸው ብዙ አንባቢዎቻችንን ሳያስደንቅ አይቀርም። በ1954 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የግብረ ገብ ጉባኤ ሥር የተሰበሰቡ ካህናትና ሐኪሞች ጉዳዩን አጥንተው ሕጉ እንዲመረመር አሳሰቡ። በዚያው ዓመት መንግሥት በሰር ጆን ዎልፈንደን ሰብሳቢነት አጣሪ ኮሚቴ አቆመ። በ1956 የዌስትሚንስተሩ ካርዲናል ያቋቋሙት የካቶሊኮች ኮሚቴ ኃጢአትንና ወንጀልን ለይቶ በማስረዳት ተመሳሳይ አሳብ አቀረበ። ኮሚቴው በ1957 መስከረም ወር ዘገባውን ሲያወጣ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ተስማምተው በስውር የሚያደርጉት ነገር ወንጀል መሆኑ ይቅር አለ። በኅዳር ወር የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተወያይቶ በ155 ድምፅ በ138 ላይ ይህን አሳብ ደገፈ። በኋላም የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ማይክል ራምዜ ድርጊቱ ምንጊዜም ስሕተት መሆኑን ሳይሸሽጉ፣ በ1965 በመኳንንቱ ምክር ቤት ለሕጉ መሻሻል ቆሙ። በ1967 ሕጉ ለእንግሊዝና ለዌልስ ተሻሻለ።

በተቃራኒው ደግሞ ቅጣት የመንግሥት መብት ነው ብሎ የተከራከረው ጳጳስ ሳይሆን ዳኛ ነበር። ፓትሪክ ዴቭሊን የተባሉት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በ1959 ባደረጉት ንግግር፣ ኅብረተሰብን አያይዞ የሚያቆመው የጋራ ግብረ ገብነት ነው፤ ስለዚህ መንግሥት ከከዳተኛ ራሱን እንደሚጠብቅ ግብረ ገብነቱንም በሕግ መጠበቅ ይችላል አሉ። ልኩስ በምን ይታወቃል ቢሏቸው፣ ተራው ቅን ሰው ነገሩን አጥብቆ ሲጸየፈው ይታወቃል አሉ። የኦክስፎርዱ የሕግ መምህር ኸርበርት ሃርት ወዲያው መለሱላቸው፤ ጥላቻችን ስለ በረታ ብቻ ጥላቻችን እውነት ነው ማለት አይቻልም፤ የአንድ ኅብረተሰብ ግብረ ገብነት ተለወጠ ማለትም ኅብረተሰቡ ፈረሰ ማለት አይደለም አሉ። የዴቭሊንን ክርክር አንንቀውም። ሕግ አስተማሪ ነው፤ የተፈቀደ ነገር ለወጣቱ የተመሰገነ መስሎ ሊታየው ይችላል የሚል ሥጋት አለበት። ነገር ግን መጸየፍ ብቻውን ዳኛ ሆኖ ከተቀመጠ፣ በየዘመኑ ባለእጁን ቡዳ ብለን የሸሸነውን፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛውን ከመንደር ያወጣነውን ምን ብለን እንመልሰዋለን?

በአገራችን ልማድ የነፍስ አባትና ዳኛ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዳኛ በአደባባይ ይቀመጣል፤ ምስክር ይሰማል፤ የተደረገውን ይመረምራል እንጂ ስለ ተመኘኸው አይጠይቅህም። የነፍስ አባት የሚሰማው በስውር ነው፤ ምስክሩ ኃጢአተኛው ራሱ ነው፤ የሰማውንም ይዞ ይሞታል። ዳኛ የሚፈርደው ለተበደለው ሰውና ለአገር ሰላም ነው። የነፍስ አባት ጾምና ስግደት፣ ምጽዋትም ሲያዝዝ አሳቡ በሽተኛውን ማዳን ነው። ንስሐም ንስሐ የሚሆነው ሰው ወድዶ ሲገባበት ነው። ወኅኒ ፈርቶ እጁን የሰበሰበ ሰው ሰብስቦ ይሆናል እንጂ ልቡን አልመለሰም፤ ዳኛም ይህን ልብ ለመመለስ መሣሪያ የለውም። ቶማስ አኩዊናስ ይህን ተግባር ከብርቱ ኃጢአቶች የቈጠረ መምህር ነው፤ ሆኖም የሰው ሕግ ፍጹማን ላልሆኑ ለብዙዎች የሚሠራ ስለ ሆነ ክፋትን ሁሉ ሊከለክል አይገባውም፤ የሚከለክለው በተለይ ሌላውን የሚጎዳውን ነው ሲል ያስተማረም እርሱ ነው። እኛም የምንይዘው ይህን ነው። ሕፃን በተደፈረ ጊዜ፣ ሰው በግድ በተያዘ ጊዜ የዳኛ ሥራ ይጀምራል፤ በዚህ ላይ ወንድና ሴት፣ ወንድና ወንድ ብሎ መለየት አያስፈልግም።

ይህን ስንል የኃጢአቱን ክርክር ዘጋነው ማለታችን አይደለም። በክርስቲያኖች መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው። አንደኛው ወገን የኦሪት ዘሌዋውያንንና የሮሜን መልእክት ጠቅሶ፣ ጋብቻ የወንድና የሴት መሆኑን ይዞ፣ ከድርጊቱ መራቅ ለመዳን የግድ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን መጻሕፍቱ የተቃወሙት የጣዖት አምልኮንና ግፍን እንጂ ዕድሜ ልክ የሚጸና ፍቅርን አይደለም ይላል። በ1955 ሸርዊን ቤይሊ የተባሉት የእንግሊዝ ቄስ የሰዶም በደል የእንግዳ አቀባበልን ሥርዓት መጣስ ነው ብለው ከጻፉ ወዲህ ሁለተኛው ክርክር እየበረታ ሄዷል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ በበኩሉ ዝንባሌንና ድርጊትን ለይቶ፣ ድርጊቱን ኃጢአት ብሎ፣ ሰዎቹ ግን በአክብሮት እንዲያዙ ያዝዛል። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ስድስተኛ ምዕራፍ የእግዚአብሔርን መንግሥት የማይወርሱትን ሲቈጥር ከእነዚህ ጋር ሌቦችን፣ ስስታሞችን፣ ሰካራሞችን፣ ተሳዳቢዎችን አብሮ አሰልፏቸዋል። ወዲያውም እናንተም እንዲሁ ነበራችሁ፣ ነገር ግን ታጠባችሁ ወደሚለው አሳብ ይሻገራል። ስለ ስስታሞች መዳንና አለመዳን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተጠርቶ ሲከፋፈል እስካሁን አላየንም፤ ምናልባት ድምፅ የሚሰጥ ሰው ይጠፋ ይሆናል።

የአንግሊካን ጳጳሳት በ1998 በላምቤት ጉባኤያቸው በ526 ድምፅ በ70 ላይ ድርጊቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይስማማም አሉ። በ2023 ግን ዩጋንዳ አንዳንዱን ሁኔታ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ሕግ ስታወጣ የዩጋንዳው ሊቀ ጳጳስ ሕጉን ደገፉ፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ደግሞ ተቃወሙ። በትምህርት አንድ የነበሩት ሰዎች የተለያዩት በወንጀሉ ላይ መሆኑን እንመልከት። በአገራችን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2013፣ የስዊድን ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ በወሰዱት አቋም ምክንያት ከሁለቱም ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። የስዊድን መልእክተኞች ወደ ምጽዋ የመጡት በ1866 ነበርና የተቈረጠው ቀጭን ክር አልነበረም። ውሳኔውን የሚደግፍም የሚነቅፍም ይኖራል፤ ሆኖም ቤተ ክርስቲያኒቱ በትምህርቷ ጉዳይ የተጠቀመችው በራሷ መሣሪያ ነው፤ ፖሊስ አልጠራችም።

ፍትሐ ነገሥታችን በሃምሳ አንድ አንቀጽ ሲከፈል ሃያ ሁለቱ መንፈሳዊውን፣ የቀሩት ሥጋዊውን ይመለከታሉ። እርግጥ ነው፣ የሥጋዊው ክፍል ራሱ ዛሬ ለነፍስ አባት የምንተወውን ብዙ ነገር ይቀጣል፤ ክፍፍሉ በዛሬው መልክ የተጠናቀቀ አይደለም። የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ማለት የዎልፈንደን ዘገባ በወጣበት በዚያው በ1957፣ ይህ ድርጊት በ600ኛው አንቀጽ ገባ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም በ629ኛው አንቀጽ ጸንቶ ተቀምጧል። የአገራችን አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ድርጊቱን ኃጢአት ይሉታል፤ ሕጉም ከእነርሱ ጋር ስለ ሄደ ጥያቄው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ሸክም የተጨነቀ ወጣት ወደ ነፍስ አባቱ ሊሄድ ቢነሣ፣ የሚናገረው ቃል በአንድ ጊዜ ኑዛዜም የወንጀል እምነትም ነው። ካህኑ ምስጢር ጠባቂ እንደ ሆነ ቢያውቅም፣ ግድግዳ ጆሮ እንዳለው ሲሰማ ያደገ ልጅ ነውና ከደጀ ሰላሙ ደርሶ ይመለሳል።