«በሕግ አምላክ» የሚባለው ለማን ነው?

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል» ይላል ሕዝቡ። የብሂሉ ኃይል በጠሪው ጉልበት ላይ አይደለም። በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ጉልበተኛ ደካማውን ሲገፋ፣ ባዶ እጁን የሚያልፍ መንገደኛ በዚህ ቃል ሊያስቆመው የሚችለው፣ ጉልበተኛው ከራሱ በላይ አንድ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ስላመነ ነው። የሥልጣን ክፍፍል ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል። መንግሥትን «በሕግ አምላክ» የሚለው ማን ነው? መንግሥትስ ይቆማልን?

ሕገ መንግሥቶቻችን የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም የበላይ ሥልጣንን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አኖረ። የ1948ቱ ለዳኞች ነጻነትን ቢያውጅም ከፍርድ ቤቶች በላይ የዙፋን ችሎት ነበር። የ1980ው ሥልጣንን በብሔራዊ ሸንጎ ጠቅልሎ በፓርቲ መሪነት ሥር አዋለ። የ1987ቱ በአንቀጽ 78 ነጻ የዳኝነት አካልን አቆመ፤ በአንቀጽ 79ም ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ እንዳይመራ ደነገገ።

ሆኖም ከአደባባዩ ብዙም በማይርቀው በልደታ የሚያስችል ዳኛ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትን ተከሳሽ አድርጎ ቢያቆም እንኳ፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻው ቃል የእርሱ አይደለም። አንቀጽ 83 ይህን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ትርጉም ያሻዋል ባለው ላይ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ነገሩን አይቋጭም። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ ሰነዱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ከሆነ፣ ቃሉን መፍታት ያለባቸው ቃል የገቡት ናቸው የሚል ነው።

ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም፣ ምክር ቤቱ የሌሎችን ብቻ ሳይሆን የራሱንም የሥራ ዘመን በሚነካ ጉዳይ ላይ ወሰነ። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ውሳኔውም አስፈላጊ ነበር ሊባል ይችላል። ቢሆንም ከባላጋራው ወንድም ዘንድ ለዳኝነት የሚቀርብ ባለጉዳይ የለም። ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ የተፈረደበት ወገን ትክክለኛነቱን የሚያምንበት መንገድ ይጠፋዋል። ያልታመነ ፍርድም ጠብን ያሳድራል እንጂ አያበርድም።

ሥልጣኑን ወደ ፍርድ ቤት ማዛወር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ዳኛም ሰው ነው፣ ይፈራል፣ ያደላል። ክፍፍል የሚጸናው ባለሥልጣን በገዛ ጉዳዩ ከመፍረድ መታቀብን እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ ክብር ሲቆጥረው ነው። ይህን ክብር አንቀጽ ብቻውን አይወልደውም። መምህሩ በክፍሉ፣ ካድሬው በስብሰባው፣ ከያኒውም በመድረኩ «ቁም» መባልን ራሳቸው ተቀብለው ለትውልዱ ሊያሳዩት ይገባል።