የተማሪ ስህተት በማን እጅ ይቀመጥ?

ልጅ ሳለሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥቼ 6 በ8 ሲባዛ 46 ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩ በዳስተር ጠረጉት፤ ነገሩም በዚያው አበቃ። ዛሬ ያንን ስህተት ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለመሆኑ የዛሬ ልጅ ስህተት በምን ይጠረጋል? ጥያቄውን ያነሳሁት መማሪያ ክፍሉ ራሱ ወደ ማኅበራዊ መገናኛ መረቦች እየተዛወረ በመምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ት/ቤቶችን ሲያዘጋ፣ በከተሞቻችን ያሉ መምህራን የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። እኔ በማውቃቸው ቤተሰቦች ዘንድ ልማዱ እስካሁን አልተተወም።

ጥቅሙን መካድ ፍትሕ አይሆንም። በክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ዓይን አፋር ልጅ በጽሑፍ ሲሆን ሐሳቡን ይገልጻል። ታማ የቀረች ተማሪም ትምህርቱ አያመልጣትም። መምህራኑም ቢሆኑ በገዛ ካርዳቸው የሚደክሙ ናቸውና ነቀፌታዬ በእነርሱ ላይ አይደለም።

ይሁን እንጂ ኤድሞዶ የተባለውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ፣ ቺካጎ አካባቢ የተጀመረ፣ መልኩ ፌስቡክን የሚመስል፣ ግን ለመማሪያ ክፍል ተብሎ የተሠራ ነጻ አገልግሎት ነበር። በ2020 የግብፅ ትምህርት ሚኒስቴር ሳይቀር ለተማሪዎቹ መርጦታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 ዘራፊዎች ሰብረውት ወደ 77 ሚሊዮን የሚጠጋ የተጠቃሚዎች መረጃ ወስደዋል። በ2022 ተዘጋ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ኩባንያው የልጆችን መረጃ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ሰብስቦ ለማስታወቂያ ተጠቅሞበታል ሲል ከሰሰው። 6 ሚሊዮን ዶላር ቢቀጣም የመክፈል አቅም የለውም ተብሎ አፈጻጸሙ ታገደ።

እኔን ከገንዘቡ ይልቅ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ኩባንያው የወላጅን ፈቃድ የማግኘቱን ኃላፊነት በት/ቤቶችና በመምህራን ጫንቃ ላይ ጥሎት ነበር። መምህሩ ያንን ሸክም መሸከሙን ማወቁ እንኳ ያጠራጥራል።

ፈቃድ የሚባለው እምቢ ማለት ሲቻል ነው። መምህር «እስከ ነገ ሁላችሁም ተመዝገቡ» ሲል፣ ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ትእዛዝ? ማርኩ በመምህሩ እጅ ያለ ልጅ እምቢ አይልም። ወላጅም ልጄ ከጓደኞቹ ተለይቶ እንዳይቀር ብሎ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ፈቃድ ነው ብለን እንዴት እንቆጥረዋለን?

ጎረቤታችን ረጅም መንገድ ሲሄድ ሣጥኑን አማና ቢሰጠን፣ እኛ ደግሞ ጥበቃው ጥሩ ነው ብለን ሳንጠይቀው ወደማናውቀው ሰው መጋዘን ብናዛውረው፣ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንለዋለን? የልጁ ስም፣ የትውልድ ቀኑ፣ የተሳሳተ መልሱና ውጤቱ ከሣጥን ያነሰ ነውን?

«ሰሌዳውም እኮ አደባባይ ነው፤ አንተስ ተሳቅብህ የለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ተስቆብኛል። ግን የሳቁብኝ የሚያውቁኝ ልጆች ናቸው፤ በማግሥቱም ተራው የእነርሱ ነበር። መምህሩም ዳስተሩን መቼ ማንሳት እንዳለባቸው ፊቴን አይተው ያውቁ ነበር።

መረቡ ጨርሶ ይቅር አልልም። ትምህርቱና የቤት ሥራው በዚያ ይላክ፤ መልሱና ውጤቱ ግን በደብተር ይሁን። ይህ መምህሩን ብዙ አያደክመውም። ወላጆችም በስብሰባ ላይ በግልጽ ይጠየቁ፤ ያልፈቀደ ወላጅ ልጅም ትምህርቱን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ይዘጋጅለት።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ የሂሳብ ውጤት ከነስሟ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በክፍሏ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ተለጥፎ አየነው። መምህሩን ስናነጋግራቸው ደንግጠው ወዲያው አጠፉት፤ ይቅርታም ጠየቁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስንት ሰው በስልኩ ገልብጦ እንዳስቀረው ግን እሳቸውም አያውቁ፣ እኛም አናውቅ።