ማክበርና ማስመሰል
ሃይማኖት የሌለው ተማሪ በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ

ዩኒቨርሲቲ በነፃ ምርምር ይኖራል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አስቀድማ በተቀበለችው እምነት ትኖራለች። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙና በመካከላቸው ሃይማኖት የሌለው ተማሪ ሲቀመጥ አንድ የኅሊና ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፣ ሰው የማያምንበትን እምነት መሠረቱ ባደረገ ቤት ገብቶ ሲማር ለኅሊናው ታማኝ ሆኖ መኖር ይችላልን? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው ወገን «በእምነቱ ካልተስማማህ ደጃፉን አትርገጥ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዲግሪህን እስክትይዝ ድረስ እንደሚፈልጉህ ሁን» ሲል ይመክራል። አቋሞቹ ተቃራኒ መስለው ቢታዩም ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም መማርን ከመስማማት፣ ማክበርን ከማስመሰል ለይተው አያዩም።

ነገሩን በተጨባጭ ምሳሌ እንመልከተው። በዋሽንግተን የሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1789 በጆን ካሮል የተመሠረተ፣ በተለምዶ ጀስዊቶች የሚባሉት ኢየሱሳውያን ካህናት ያሳደጉት ተቋም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ አማኝ ሆነም አልሆነ፣ የነገረ መለኮትና የፍልስፍና ትምህርቶችን የመውሰድ ግዴታ አለበት። ቅዳሴ የማስቀደስ ግዴታ ግን የለበትም። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በክፍል ውስጥ ስለ አምላክ መኖር የሚካሄድ ክርክር ከተማሪው የሚጠይቀው መረዳትን ነው፤ ተማሪው የቶማስ አኩዊናስን ሐሳብ በሚገባ ካስረዳ በኋላ ሊቃወመው ይችላል። ጸሎት ግን ልብን ይጠይቃል፤ ልብ ደግሞ በደንብና በመመሪያ አይታዘዝም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷም ይህን በሰነድ አረጋግጣለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው መግለጫ በሃይማኖት ረገድ ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ እንዲሠራ መገደድ እንደሌለበት አወጀ። ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የጳጳሱ ድንጋጌም ተማሪዎች ሁሉ የተቋሙን ካቶሊካዊ ማንነት እንዲያከብሩ ሲያሳስብ፣ የእያንዳንዱ ሰው የኅሊና ነፃነት በሙሉ እንዲጠበቅ ደንግጓል።

ይሁን እንጂ ሰነድ ብቻውን ኅሊናን ነፃ አያወጣም። ማርክ በሚሰጥ መምህርና ማርክ በሚጠብቅ ተማሪ መካከል ያለው ግንኙነት የእኩዮች ግንኙነት አይደለም። አስገዳጅ ደንብ ባይኖርም፣ ተማሪው የመምህሩን ፊት እያየ ያላመነበትን ሊጽፍ ይችላል። አድርባይነት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱም የተማሪው ብቻ አይደለም፤ መምህሩ እውነተኛ ጠያቂ ያጣል፣ ተቋሙም ከአፍ የወጣውን ከልብ እንደመነጨ እምነት ይቆጥራል። ስለሆነም የኃላፊነቱ ከባድ ድርሻ የሚወድቀው ሥልጣን በያዘው ወገን ላይ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ግንኙነት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ኮሌጁ የመንግሥት እንጂ የካቶሊክ ተቋም አልነበረም፤ ካህናቱም ልብሰ ክህነታቸውን ትተው፣ ሃይማኖታቸውን ላይሰብኩ ተስማምተው አስተማሩ። እዚያ ልጓሙ የገባው በመምህሩ ላይ እንጂ በተማሪው ላይ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

የማያምነው ተማሪስ ለቤቱ ምን ያበረክታል? ቤቱን በራሱ ቃል መመዘን ይችላል። የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን እ.ኤ.አ. በ1838 በባርነት የያዟቸውን 272 ሰዎች ሲሸጡ፣ ከገንዘቡ ከፊሉ የጆርጅታውንን ዕዳ ለመክፈል ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተማሪዎች ተቃውሞ አሰምተው፣ የሽያጩ ዋና ተዋናዮች የነበሩት የሁለት ካህናት ስም ከሕንፃዎች ላይ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ፣ ውሳኔው አስገዳጅ ባይሆንም፣ ለተሸጡት ሰዎች ተወላጆች የሚውል 27.20 ዶላር በየሴሚስተሩ ለመክፈል ተማሪዎች በአብላጫ ድምፅ ደገፉ። ይህን ድምፅ ለመስጠት የእምነት ምስክር የተጠየቀ አልነበረም። «ሰው ሁሉ በአምላክ አምሳል ተፈጠረ» የሚለውን ቤት፣ «ታዲያ እነዚያስ?» ብሎ ለመጠየቅ ማመን ግድ አይደለምና።

እንግዲህ ነውሩ በበሩ መግባት አይደለም፤ ገብቶ ራስን መካድ ነው። ሌሎች ሲጸልዩ በጸጥታ መቆም ማክበር ነው፤ ሳያምኑ ከንፈርን ማንቀሳቀስ ግን ማስመሰል ነው። የመጀመሪያውን ከተማሪው መጠበቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛውን የሚጠብቅ ተቋም ግን፣ የቆመለት እምነት የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ የሚያፈራው አማኝን ሳይሆን አድርባይን ነው። ይህ ፍርድ በመስቀል ጥላ ሥር ለሚያስተምሩ ብቻ ሳይሆን፣ በማናቸውም ዓላማ ስም ወጣቱን ለሚያስተምሩ ሁሉ የሚሠራ ነው።