በደለኛ የሌለው ሕመም

የአንድ ሰው ጉበት መታመሙን ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው መጠጥን ነው። ሰውየው መጠጥ የማይቀምስ ከሆነ ደግሞ ኃጢአቱን፣ አልያም የወላጆቹን በደል መመርመር እንጀምራለን። ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ የተባለው የጉበት በሽታ ይህን ፍርድ የሚቃወም ትልቅ ማስረጃ ነው። ሰውነትን እንዲጠብቅ የተሰጠው የመከላከያ ኃይል ራሱ ጉበትን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያቆስለዋል፤ ከሚያዙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በሽታውን ለይቶ የሚያረጋግጥ አንድ ብቸኛ ምርመራ የለም። ሐኪሙ የጉበት ቫይረሶችን፣ አልኮልንና ጉበት የሚጎዱ መድኃኒቶችን ያጣራል፤ በደም ውስጥ የገዛ አካልን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትንና የኢሚዩኖግሎቡሊን ጂን መጠን ያያል፤ በመርፌ ከጉበት የተወሰደ ናሙናም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። በዚህ ሁሉ ፍተሻ ውስጥ የታማሚዋን ጥፋት የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

«ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፤ አንዳንድ መድኃኒቶችም በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ምክንያት ግን በደል አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁ፣ ክርስቶስ የሰውየውንም የወላጆቹንም በደል ምክንያት አላደረገም። ያን ጥያቄ ዛሬም በታማሚ አልጋ አጠገብ የሚያነሱ ምእመናን፣ የተዘጋውን ፋይል እንደገና እየከፈቱ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በደለኛ ከሌለ ኃላፊነትስ ከየት ይመጣል? እኔ እንደማምነው ኃላፊነት የሚመጣው ማድረግ ከምንችለው ነገር ነው። ለንደን ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ ጥናት ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት የታማሚዎችን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ዛሬም ዋነኞቹ የሕክምና መድኃኒቶች እርሱና አዛታዮፕሪን ናቸው። ፈተናው የሚመጣው ሕመሙ ሲለቅ ነው። የደም ውጤት ከተስተካከለ በኋላም ጉበቱ ውስጥ ብግነቱ ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱን ካቆሙት መካከልም በብዙዎቹ ይመለሳል። ስለዚህ «በጠበል ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን በድንገት መተው አደገኛ ነው። ይህን የምለው ጠበልን ለመንቀፍ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምራል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ መክረዋል። የንስሐ አባቶች ይህንኑ ምክር ለጉበት ታማሚዋም ሊሰጧት ይገባል፤ ክኒኑን ከተወችው በኋላ ሳይሆን፣ ገና መሻል ስትጀምር።