የኢያሪኮ ሾላና የሞጆ ጥላ

የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ጌታን ለማየት ወደ ሾላ ዛፍ እንደ ወጣ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። መምህራን ይህን ታሪክ ሲተረጕሙ ስለ ሰውዬው ቁመት ማጠር፥ ስለ ንስሓውና የቀማውን አራት እጥፍ ስለ መመለሱ ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ዛፊቱ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በማን እጅ እንደ ተተከለች አልተጻፈም፤ ቀራጩን ከመውጣት የከለከለው እንደ ነበረም አልተጻፈም። ጌታ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች፤ ሕዝቡ የጠላውን ሰው እርስዋ ተሸከመችው። ኢያሪኮም በዮርዳኖስ ስምጥ ውስጥ ያለች፥ ሙቀት የጸናባት ከተማ ስትሆን በኦሪት የዘንባባ ከተማ ተብላለች።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በዚሁ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ መስመር ያሉት የእኛ ከተሞች፥ ይልቁንም የሞጆ ነገር ነው። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች፥ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. የደረሰው የቀድሞው ምድር ባቡር ያለፈባት ከተማ ናት። ዛሬም ከአገራችን ደረቅ ወደቦች ሁሉ ትልቁ በእርስዋ ነው። ባሕር የሌለው ወደብ መባሉ ለሰሚው እንቆቅልሽ ቢመስልም ኮንቴይነሩ ተደርድሮ፥ ጕምሩኩ ተተክሎ፥ ቀረጡ ተከፍሎ ዕቃው የሚወጣው ከዚያ ነው። ዘኬዎስ ዛሬ ቢኖር የሥራው ቦታ ከዚህ አይርቅም ነበር።

ከጅቡቲ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ የመጣ ሾፌር ወረቀቱ እስኪያልቅለት ይጠብቃል። ረዳቱ በመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይተኛል፤ የጋለው ብረት በላዩ፥ የጋለው አስፋልት በታቹ ነው። ወዛደሩም በቀትር ከፀሓይ የሚሸሽበትን ይፈልጋል። እንግዲህ የከተማ ሰው የዛፍንና የሣርን ሥፍራ በምን ይመዝነዋል? ደላላው በካሬ ሜትር ይቈጥረዋል። ሙሽራው ለፎቶግራፍ ያምርልኛል ይላል። ወዛደሩ ግን ከምሳ እስከ ሥራ ደወል ያለችውን ጊዜ ተጋድሞበት፥ ትንፋሹ ሲመለስለት ዋጋውን ያውቃል። እኛስ ከሦስቱ ሚዛን የወዛደሩን እናምናለን።

ነገሩ የጥላ ብቻ አይደለም። ከኮረብታው ላይ ዛፉ ሲራቆት የክረምቱ ጎርፍ ወዴት እንደሚወርድ የአዳማ ሰው ያውቀዋል። ደግሞም የአገሩ ሰው ዛፍን ከጥንት ያከብራል፤ በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ኦዳ የምትባለው ሾላ የገዳ ሸንጎ የሚቀመጥባት ናት፤ ኦዳ ነቤም ከሞጆ ብዙ ሳትርቅ በዱከም አቅራቢያ ትገኛለች። ዳኝነቱም ምክሩም በጥላ ሥር ነበረ።

ኦሪትም ስለዚህ ዝም አላለችም። ለሌዋውያን አርባ ስምንት ከተሞች ሲሰጡ በእያንዳንዱ ከተማ ዙሪያ መሰማሪያ እንዲተው ታዘዘ፤ ክንዱም ተለክቶ ተነገረ። ሌዋዊው በከተማው ያለውን ቤቱን ቢሸጥ ሊቤዠው ይችላል፤ በዙሪያው ያለውን የመሰማሪያ እርሻ ግን ከቶ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ይህ ለከብት ነው እንጂ ለሰው ዕረፍት አይደለም የሚለን ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን አንዱ ቢሸጠው ሁሉ የሚጐዳበት መሬት እንዳለ ሕጉ ያስተምራል።

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ ቃሉ ወደ እኛ ዞረ። በደቡብ ጎንደር አገሩ ሁሉ ታርሶ ሲራቆት በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ዐጸድ ተርፎ፥ ዛሬ ከሰማይ ለሚያየው በደረቅ መሬት ላይ እንደ አረንጓዴ ክብ ሆኖ ይታያል። ወይራውን፥ ጽዱን፥ ዋንዛውን የጠበቀው የአባቶች ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው። በከተማ ግን ምን እናደርጋለን? ዐጸዱን ቈርጠን በአጥሩ ዙሪያ ሱቅ እንሠራለን፤ የቀረውን ሲሚንቶ እናፈስበታለን።

የደብሩ ችግር አይገባችሁም እንዳትሉን፤ ይገባናል። ካህኑ ደመወዝ ይሻል፤ የአብነት ተማሪውም ቁራሽ ይሻል፤ የሱቁ ኪራይም በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ነው። ሰበካ ጉባኤው ሊሠራ ከወደደ ባዶውን ወገን ይምረጥ። መቶ ዓመት የቆመውን ወይራ ቈርጦ የተሠራ ሱቅ ግን ኪራዩ ስንት ዘመን ቢጠራቀም ወይራውን አይመልሰውም።

ችግኝ መትከልስ ተለምዷል፤ አረንጓዴ ዐሻራ የተባለው ሥራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ሕዝቡ ሁሉ ይወጣል። መልካም ነው። ዳሩ ግን ዮናስ ያልደከመባት ቅል ስትደርቅበት እንዳዘነ፥ እኛም በሐምሌ ተክለን በጥር ሳናጠጣ በሚያዝያ ደረቀ ብለን እናዝናለን። በስምጡ ሙቀት ችግኝን የሚያሳድገው የበጋ ባልዲ ነው። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በስሙ ቢሰጠው፥ ፍየሉንም ቢከለክልበት፥ ይጸድቃል።

ሌላም አንድ ነገር እንለምናለን። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የቅጥሩ በር ቶሎ አይዘጋ። ከመቅደሱ ራቅ ባለው ወገን፥ በወይራው ሥር፥ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ፤ የውኃ ጋንም ከነመጠጫው ይኑር። የሚመጣው ሾፌር ማተብ ያለውም የሌለውም ይሆናል፤ በር ጠባቂው ማን ነህ ብሎ አይመርምረው፤ ጫማህን ብቻ አራግፍ ይበለው።