ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ

ልጆቼ፣ የሕዝብ ሕንፃ ሥራ ሲደርሳችሁ ስለ ፊት ገጹ ከመጨነቃችሁ በፊት ማን እንደሚያጸዳው ጠይቁ። አሸንዳው ሲደፈን ሰው በየት በኩል ይወጣል? እኔ በሠራሁባቸው ትልልቅ ሕንፃዎች ይህን በስብሰባ ላይ ያነሳ ሰው እንደ ሟርተኛ ይታይ ነበር። አሠሪው የሚታየው የምረቃው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ክረምት ሁሉ ማሰብ የእናንተ ፋንታ ነው። ፀሐዩንም እንዲሁ። ወደ ምዕራብ የዞረ የመስታወት ግድግዳ ስንት ብር ወጥቶበት ሲያበቃ፣ ከሰዓት ላይ ሠራተኛው ካርቶን ሲለጥፍበት አይቻለሁ።

አፍሪካ አዳራሽን ሄዳችሁ እዩ። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያው ነው። ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶም በ2017 እንደገና ተከፍቷል። ሰው የሚያወራው ስለ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው፤ ይገባዋልም። ግን 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ያ ሥዕል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ አይደለም፤ ግድግዳው ራሱ ነው። ሠዓሊ ቀድሞ ካልተጠራ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም። አሁን አሁን ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው ለመግቢያው ሥዕል የሚገዛው።

ቢሮ ተቀምጣችሁ ሳይት አይታወቅም። ቅዳሜ ሶሌታ ከተሞላ እሑድ ጠዋት ሂዱ። አርማታው ላይ የተነጠፈውን ጆንያ በእጃችሁ ጨብጡት፤ ውሃ ካልወጣው፣ በበጋው ፀሐይ አርማታው ሳይጠነክር እየደረቀና እየተሰነጠቀ ነው። ጥበቃው ላይ ግን አትጩኹ። መጀመሪያ የውሃው ጎማ እዚያ ፎቅ ድረስ ይደርስ እንደሆነ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሰውየው በባልዲ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። ለኮንትራክተሩ የምትጽፉት ደብዳቤም ስለ ጎማው ይሁን።

በቃል የተነገራችሁን ትእዛዝ ደግሞ በቃል አትቀበሉ። አንድ ባለሥልጣን መሠረቱ ከተሞላ በኋላ ሁለት ፎቅ ጨምርልኝ አሉኝ። መሠረቱ የተሰላው ለዚህን ያህል ጭነት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው፤ አልተዋጠላቸውም። «እንግዲያው ጌታዬ፣ ይጻፉልኝና ይፈርሙበት፤ ከስሌቱ ጋር አያይዘዋለሁ» አልኳቸው። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም፤ ፎቁም አልተጨመረም።